ሞተር በደጋ ሲተነፍስ፦ ከ1916ቱ የአሜሪካ የመኪና ሻምፒዮና እስከ ዓባይ በረሃ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደብረ ማርቆስ የተጓዘ ሰው ሁሉ የዓባይን በረሃ ያውቀዋል። ጎሐ ጽዮን ታልፎ መንገዱ ወደ ታች መጠማዘዝ ሲጀምር ጆሮ ይደፈናል፤ የደጋው ብርድ እየራቀ የቆላው ወበቅ ይቀርባል። ከሸለቆው ግርጌ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀውና 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይ ይገኛል። ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን መውጣት ሲጀመር መንገደኛው ሌላ ትዕይንት ያያል፤ ኮፈናቸውን ከፍተው ዳር የያዙ መኪኖች፣ በእግረኛ ርምጃ የሚያዘግሙ ተሳቢዎች፣ ታኮ ይዘው ከኋላ ጎማ አጠገብ የሚሄዱ ረዳቶች።

በዚህ መንገድ በተመላለስን ቁጥር ሁለት ጥያቄዎች ይነሡብናል። መኪናው ያው፣ ሾፌሩ ያው፣ ነዳጁም ያው ሆኖ ሳለ ሞተሩ ደጋ ላይ ስለምን ይደክማል? ዳገቱ ሞተር የሚፈትን ሆኖ ሳለ ሾፌሮች ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱን የሚፈሩትስ ስለምንድን ነው? በዚህ ጽሑፍ ለሁለቱ ጥያቄዎች መልስ የምንፈልገው አንባቢ ባልጠበቀው ቦታ ነው፤ ከመቶ ዓመት በፊት በአሜሪካ በተካሄደ አንድ የመኪና ውድድር ዘመን። ውድድር ማለት ማሽን የመጨረሻ አቅሙ ድረስ የሚፈተንበት፣ ጉድለቱም በሰው ሁሉ ፊት የሚገለጥበት ቤተ ሙከራ ነውና። ከዚህም በላይ በዚያው ዓመት ውድድር የተጀመረበት አንድ የአሜሪካ ተራራ ከዓባይ በረሃችን ጋር የሚያስገርም ተመሳሳይነት አለው።

የ1916ቱ የውድድር ዘመን

እ.ኤ.አ. በ1916 አውሮፓ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ስለነበረች የታወቁት የአውሮፓ የመኪና ውድድሮች ተቋርጠው ነበር። አሜሪካ ግን ገና ወደ ጦርነቱ አልገባችም ነበርና ፈጣን መኪኖችም ሆኑ ስመ ጥር ነጂዎች ፊታቸውን ወደዚያ አዞሩ። በአገራችን ዓመቱ ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን የወረዱበት ሲሆን ጎጃምን ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ደብረ ማርቆስ ተቀምጠው ያስተዳድሩ ነበር። ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጂቡቲ በኩል መኪና እየነዳ አዲስ አበባ ዐፄ ምኒልክ ዘንድ የደረሰው በ1900 ዓ.ም. ስለሆነ መኪና ለኢትዮጵያ ገና የጥቂት ዓመታት እንግዳ ነበረች።

ቀደም ብሎ የአሜሪካ የአውቶሞቢል ማኅበር በ1905 በነጥብ የሚወሰን ብሔራዊ ሻምፒዮና አንድ ጊዜ ሞክሮ ነበር። በ1916 ይህንኑ አሠራር እንደገና አወጀ። በልዩ ልዩ ከተሞች የሚደረጉ ውድድሮች ለየብቻቸው የሚቆጠሩ መሆናቸው ቀርቶ እያንዳንዱ እንደ ርዝመቱ ነጥብ ተሰጠው፤ በዓመቱ መጨረሻ ብዙ ነጥብ የሰበሰበው ነጂ ሻምፒዮን እንዲባል ተወሰነ። በዚህ ምክንያት አንድ ቀን ብቻ መፍጠን በቂ መሆኑ ቀረ። ከግንቦት እስከ ኅዳር ሳይሰበሩ መዝለቅ ግድ ሆነ።

መሮጫዎቹ ብዙ ዓይነት ነበሩ። የኢንዲያናፖሊሱ በ1909 በ3.2 ሚሊዮን ጡብ የተነጠፈ ሲሆን አንዱ ዙር 4 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። የቺካጎው፣ የኦማሃውና በኒው ዮርክ የሚገኘው የሺፕስሄድ ቤዩ መሮጫ ደግሞ በጣውላ የተሠሩ ነበሩ። ጣውላው በመታጠፊያዎቹ ላይ እንደ ሰፌድ ጠርዝ ወደ ውጭ ከፍ ብሎ ስለተሠራ ነጂዎች እግራቸውን ከነዳጁ ሳያነሡ ይዞሩበታል። በዚያ ዓመት ኢንዲያናፖሊስ ላይ 482 ኪሎ ሜትር ያህል የሸፈነውን ውድድር ዳሪዮ ሬስታ የተባለ በጣሊያን ተወልዶ በእንግሊዝ ያደገ ነጂ በሰዓት በአማካይ 135 ኪሎ ሜትር ነድቶ አሸነፈ። ወዲያው በሰኔ ወር ቺካጎ ላይ በጣውላው መሮጫ ያንኑ ያህል ርቀት ከ155 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ አማካይ ፍጥነት ጨረሰና ዳግመኛ አንደኛ ሆነ።

የሬስታ ዋና ተፎካካሪ ጆኒ ኤይትከን ነበር። ሁለቱም የሚነዱት ፈረንሳይ ሠራሹን ፔዦ ነው። ፉክክሩ እስከ ኅዳር ዘልቆ በካሊፎርኒያ ሳንታ ሞኒካ ወደ መጨረሻው ተቃረበ። ሬስታ በዚያ የቫንደርቢልትን ዋንጫ ወሰደ። ከሁለት ቀን በኋላ በተደረገው በታላቁ ሽልማት ውድድር የኤይትከን መኪና ገና በጅምሩ ተበላሸበት። እርሱም የሃውዲ ዊልኮክስን መኪና ተረክቦ ነዳና አንደኛ ሆኖ አስገባው፤ ይሁን እንጂ በሌላ ሰው መኪና ስለጨረሰ የሻምፒዮናው ነጥብ አልተቆጠረለትም። በዓመቱ መጨረሻ ሬስታ 4,100፣ ኤይትከን 3,440 ነጥብ አስመዘገቡ። ሦስተኛ የወጣው ኤዲ ሪከንባከር ከሁለት ዓመት በኋላ በጦር አውሮፕላን አብራሪነት የአሜሪካ ጀግና ለመሆን በቅቷል።

ሞተር ማለት የአየር መሣቢያ ነው

ፔዦ ይህን ያህል ጎልቶ የወጣው ስለምን ነበር? መልሱን ለማግኘት ሞተርን በሌላ ዓይን ማየት ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን ሞተር ነዳጅ የሚበላ ማሽን ነው ብለን እናስባለን። በእውነቱ ግን ከነዳጁ ይልቅ የሚፈጀው አየር ነው። አንድ ግራም ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል 15 ግራም ያህል አየር ይሻል። ነዳጅ በቀጭን ቱቦ እንደልብ ሊገባ ይችላል፤ አስቸጋሪው በቂ አየር ማስገባት ነው። እንግዲህ የሞተርን ጉልበት የሚወስነው ፒስተኑ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው የአየር ክብደት ነው።

የሬስታ ፔዦ 4.5 ሊትር ሞተር ነበረው። ይህ ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ቢዞር፣ በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ስለሚተነፍስ በደቂቃ 6,750 ሊትር አየር ይስባል ማለት ነው። ይህም አንድ ሺህ ያህል ሰዎች አርፈው ተቀምጠው በአንድ ደቂቃ ከሚስቡት አየር ጋር ይተካከላል። ይህ ሁሉ አየር በእያንዳንዱ ሲሊንደር ራስ ላይ በሚገኙ ቫልቮች በኩል በሴኮንድ ክፍልፋይ መግባትና መውጣት አለበት። የፔዦ መሐንዲሶች በየሲሊንደሩ ሁለት ትላልቅ ቫልቮች ከማድረግ ይልቅ አራት ትናንሽ ቫልቮች አደረጉ፤ እነርሱን የሚከፍቱትን ሁለት ዘንጎችም ከሲሊንደሩ ራስ በላይ አስቀመጡ። አራት ትናንሽ በሮች በአንድነት ሲከፈቱ ከሁለት ትላልቅ በሮች የበለጠ መተላለፊያ ይሰጣሉ፤ ክብደታቸው ቀላል ስለሆነም ቶሎ ይከፈታሉ፣ ቶሎም ይዘጋሉ። ዛሬ በደብረ ማርቆስ ጎዳና ከሚታዩት አዳዲስ አውቶሞቢሎች የአብዛኞቹን የሞተር ክዳን ብንከፍት የምናገኘው ይህንኑ አሠራር ነው።

ደጋው የሚወስደው ሩብ

ሞተር የአየር መሣቢያ ከሆነ አየሩ ሲሳሳ ምን ይሆናል? ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,450 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ አይለወጥም፤ እዚህም እዚያም 21 በመቶ ያህል ነው። የሚለወጠው የአየሩ እፍግታ፣ ማለትም በአንድ ሊትር ውስጥ የታጨቀው የአየር መጠን ነው። የሬስታ ሞተር በሙሉ ዑደቱ 4.5 ሊትር አየር ሲስብ በባሕር ዳርቻ 5.4 ግራም ያህል ያገኛል፤ በደብረ ማርቆስ ቢነዳ ግን የሚያገኘው 4 ግራም ብቻ ነው። ስለዚህ ጂቡቲ ላይ 100 የፈረስ ጉልበት የነበረው ተራ የቤንዚን ሞተር ደብረ ማርቆስ ሲደርስ ወደ 75 ይወርዳል። ሃያ አምስቱን ፈረስ ደጋው ከመንገድ ያስቀራቸዋል ማለት ነው።

የሰው ልጅ ደጋ ላይ ሲኖር አካሉ ቀስ በቀስ ከሳሳው አየር ጋር ይላመዳል፤ ደጋ ላይ የሚለማመዱ ሯጮቻችንም በዚህ ይጠቀማሉ። ሞተር ግን በራሱ አይላመድም። እንዲያውም ካርቡራተር ያላቸው የቆዩ መኪኖች ሌላ ችግር ይጨምራሉ። ካርቡራተር የሚለካው የአየሩን ክብደት ስላልሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ የነዳጁን መጠን በዚያው ልክ አይቀንስም። ውጤቱም የነዳጅ ብዛት፣ ጥቁር ጭስ፣ በጥላሸት የታፈነ ካንዴላና የባከነ ገንዘብ ነው። ለዚህም ነው ደጋ ላይ የሚሠራ መካኒክ የካርቡራተሩን የነዳጅ ቀዳዳ የሚያጠበው። ዘመናዊ መኪኖች የአየሩን መጠን በመሣሪያ እየለኩ ነዳጁን ራሳቸው ይመጥናሉ፤ የጠፋውን አየር ግን እነርሱም አይመልሱም።

ፓይክስ ፒክና የዓባይ ዳገት

አሁን ወደ ተራራው እንምጣ። በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት ፓይክስ ፒክ የሚባል ተራራ አለ። ስፔንሰር ፔንሮዝ የተባለ ባለሀብት ወደ ራሱ የሚወስድ የመኪና መንገድ አሠራና መንገዱን ለማስተዋወቅ በነሐሴ 1916 የዳገት ውድድር አዘጋጀ። ውድድሩ በዚያ ዓመት ከሻምፒዮናው ነጥብ ውስጥ አልነበረም፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ለዓመታት የብሔራዊው ሻምፒዮና አካል ሆኗል። መንገዱ 20 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከ2,862 ሜትር ተነሥቶ 4,302 ሜትር ላይ ያበቃል። ራሱ ከጮቄ ተራራ በ200 ሜትር ያህል ቢበልጥ ነው።

ይህን ከዓባይ መንገድ ጋር እናነጻጽረው። ከድልድዩ እስከ ደጀን ያለው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በዚህ ርቀት መኪና 1,350 ሜትር ገደማ ሽቅብ ይወጣል። የፓይክስ ፒክ ነጂዎች የሚወጡት ከፍታ 1,440 ሜትር ነው። ርዝመቱም ሽቅብነቱም ተቀራራቢ ነው። አሜሪካውያን በዓመት አንድ ጊዜ ሰዓት ይዘው፣ ሐኪም አቁመው፣ መንገድ ዘግተው የሚወዳደሩበትን ያህል ዳገት የእኛ ሾፌሮች እህልና ሲሚንቶ፣ ነዳጅና መንገደኛ ጭነው በየቀኑ ይወጡታል። ዋንጫ ግን የላቸውም።

በ1916 ሪያ ሌንትዝ የተባለ ነጂ ፓይክስ ፒክን በ20 ደቂቃ ከ55.6 ሴኮንድ ወጥቶ አሸነፈ። ይሁን እንጂ በሳይንስ ዓይን ከዚያ ድል ይልቅ የሚልቀው ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው ተራራ ራስ ላይ የተደረገው ሙከራ ነው። የጦር አውሮፕላኖች ከፍ ባሉ ቁጥር ሞተራቸው ይደክም ነበርና ሳንፎርድ ሞስ የተባለ መሐንዲስ ለዚህ መፍትሔ ይፈልግ ነበር። በ1918 ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር ወደ ተራራው ራስ አወጣ። በዝቅተኛ ቦታ 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ የነበረው ሞተር በዚያ ከፍታ 230 ብቻ ሰጠ። ሞስ ከዚህ በኋላ ከሞተሩ በሚወጣው የጋለ ጭስ የሚሽከረከርና አየር አጭቆ ወደ ሲሊንደሩ የሚያስገባ መሣሪያ ገጠመለት። ሞተሩም በ4,300 ሜትር ከፍታ ላይ 356 የፈረስ ጉልበት ሰጠ። የጠፋው ሁሉ ተመለሰ።

ያ መሣሪያ ሾፌሮቻችን ቱርቦ የሚሉት ነው። በውድድሩም ዓለም በ1924 ዱዘንበርግ የተባለው መኪና አየር በሚያጭቅ ሌላ ዓይነት መሣሪያ ታግዞ ኢንዲያናፖሊስን ሲያሸንፍ ሐሳቡ በመሮጫው ላይ ተረጋገጠ። ዛሬ ቱርቦ ያለው የናፍጣ መኪና የዓባይን ዳገት ቱርቦ ከሌለው ይልቅ ተደላድሎ የሚወጣው ይህ መሣሪያ ደጋው የወሰደበትን አየር ስለሚመልስለት ነው።

ራዲያተሩ ስለምን ይፈላል?

የደብረ ማርቆስ እናቶች ባቄላና ሽምብራ በደጋ ቶሎ እንደማይበስል ያውቃሉ። የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ውኃ በዚያ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ ነው። ለወጥ የዘገየው ለራዲያተር ፈጠነ ማለት ነው። ዳገት የሚወጣ መኪና ብዙ ሙቀት ያመነጫል፤ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ነፋስ አያገኝም፤ የሳሳው አየርም ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያነሰ ነው። ሦስቱ ሲደራረቡ ውኃው ይፈላል።

የራዲያተር ክዳን አጥብቆ የሚዘጋው ለዚህ ነው። ታሽጎ ግፊቱ ሲጨምር ውኃው ከ100 ዲግሪ በላይም ሳይፈላ ይቆያል። ነገር ግን አንድ ሰው ሞተሩ እንደጋለ ክዳኑን ቢከፍት ግፊቱ በቅጽበት ይወርዳል፤ ያ ሁሉ ውኃ ባንድ ጊዜ ይፈላና እጅና ፊቱን ያቃጥለዋል። ስለዚህ ሞተሩን ማብረድ፣ መጠበቅ፣ ከዚያም መክፈት የግድ ነው።

ቁልቁለቱ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ዳገት ነው። ዳገት የሚያደክም ሞተር ቢበዛ መኪናውን ያቆመዋል። የሰው ሕይወት የሚጠፋው በቁልቁለት ነው። ይህንንም ቀላል ስሌት ያሳየናል።

ከነጭነቱ 40 ቶን የሚመዝን ተሳቢ ከደጀን ወደ ድልድዩ 1,350 ሜትር ሲወርድ ከከፍታው የሚለቀቀው ጉልበት 530 ሜጋ ጁል ያህል ነው። ከፊሉን የጎማና የነፋስ ሰበቃ ይወስደዋል፤ የቀረው ሁሉ ግን ወደ ሙቀት ተለውጦ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ይህ ጉልበት በሙሉ ውኃ ለማሞቅ ቢውል ኖሮ 1,750 ሊትር ውኃ፣ ማለትም ዘጠኝ በርሜል ገደማ፣ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ እስከሚፈላበት ድረስ ያሞቀው ነበር። ሾፌሩ በእግሩ ፍሬን ብቻ ከተማመነ ይህን ሙቀት የሚሸከሙት የፍሬን ሸራዎቹና ታምቡሮቹ ናቸው።

የሚለቀቀው ጠቅላላ ሙቀት ቀስ ብለን ብንወርድም ፈጥነን ብንወርድም ያው ነው። የሚለየው በየሴኮንዱ የሚመጣው መጠን ነው። ይህ መኪና በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢወርድ በየቅጽበቱ የሚለቀቀው 220 ኪሎ ዋት ያህል ነው። አንድ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይወስዳል ብንል፣ ከ60 የሚበልጡ ምጣዶች በአንድነት በርተው ጎማዎቹ ውስጥ እንደተቀመጡ ይቆጠራል። ፍጥነቱ 60 ቢደርስ ምጣዶቹ ከ120 በላይ ይሆናሉ። ፍሬን ሙቀቱን ለነፋስ ማስረከብ የሚችለው በመጠን ነው። ከዚያ ካለፈ ታምቡሩ ግሎ ይሰፋል፤ ሸራውም መያዝ ይሳነዋል። ሾፌሩ «ፍሬኑ እምቢ አለኝ» የሚለው ያኔ ነው።

መፍትሔው ከተሽከርካሪው ውስጥ ይገኛል። በከባድ ማርሽ ሲወረድ ጎማዎቹ ሞተሩን በግድ ያዞሩታል፤ ሞተሩም አየር እየሳበና እያጨቀ ጉልበታቸውን ይበላል። ሙቀቱ በጭስ ማውጫና በራዲያተር ስለሚወጣ ፍሬኑ ለክፉ ጊዜ ቀዝቅዞ ይቆያል። የቀድሞ ሾፌሮች ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ የሚሉት ደንብ በፊዚክስ ሚዛን ሙሉ በሙሉ ልክ ነው። በተቃራኒው ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሉ በፎሌ መውረድ ያን ሁሉ ሙቀት ጠቅልሎ በፍሬኑ ላይ መጣል ነው። የሚተርፈው ጥቂት ሊትር ናፍጣ ከሚጠፋው ነፍስ ጋር አይመዛዘንም።

በሞት የተገዛ ትምህርት

የ1916ቱ ዘመን ስለ ሕይወት ዋጋም ብዙ አስተምሯል። በዚያን ጊዜ በውድድር መኪና ላይ ሁለት ሰዎች ይሳፈሩ ነበር። ከነጂው ጎን የሚቀመጠው መካኒክ የዘይቱን ግፊት ይከታተላል፣ ነዳጁን በእጁ ይገፋል፣ ጎማ ያያል፣ ከኋላ የሚመጣውን ይናገራል። ሥራው ከእኛ ረዳት ሥራ ጋር የተቀራረበ ነበር፤ ዕጣውም እንዲሁ። ነጂው ሲያሸንፍ ስሙ ይጻፋል፤ መካኒኩ ሲሞት የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። የራስ ቁርም ሆነ የደኅንነት ቀበቶ የተለመደ አልነበረም፤ ከአሜሪካ የውድድር መኪኖችም አብዛኞቹ ፍሬን የነበራቸው በኋላ ጎማዎቻቸው ብቻ ነበር።

በሚያዝያ 1916 ቦብ በርማን የተባለው ዝነኛ ነጂ ካሊፎርኒያ ውስጥ በኮሮና ከተማ ሲወዳደር መኪናው ተገለበጠና እርሱን ጨምሮ ሦስት ሰዎች ሞቱ። በግንቦት ሺፕስሄድ ቤይ ላይ ካርል ሊምበርግ ከመካኒኩ ጋር ሞተ። ኤይትከን የሌላ ሰው መኪና ነድቶ ባሸነፈበት በሳንታ ሞኒካው ውድድርም ሉዊስ ጃክሰን ከመንገድ ወጥቶ እርሱና ሌሎች ሦስት ሰዎች ሕይወታቸው አለፈ።

ከእነዚህ ሞቶች ጥቂቶቹ ትምህርት አፍርተዋል። የበርማን ወዳጅ የነበረው ባርኒ ኦልድፊልድ በ1917 ሃሪ ሚለር የሠራለትን፣ ነጂውን ከላይ እስከ ታች በብረት ክፍል የከለለ መኪና ነዳ። በ1921 ደግሞ ጂሚ መርፊ የነዳው ዱዘንበርግ በአራቱም ጎማዎቹ ላይ በፈሳሽ ግፊት የሚሠራ ፍሬን ይዞ የፈረንሳይን ታላቅ ውድድር አሸነፈ። ፍጥነት ለማቆም ከመቻል ጋር ካልተጣመረ ትርፍ እንደሌለው መሮጫው ራሱ መሰከረ። ሁለቱ የ1916 ተፎካካሪዎች ግን ብዙ አልቆዩም። ኤይትከን በ1918 በዓለም በተዛመተው የኅዳር በሽታ ሞተ፤ ሬስታም በ1924 በእንግሊዝ አገር በብሩክላንድስ መሮጫ የፍጥነት ክብረ ወሰን ሲሞክር ሕይወቱ አለፈ።

የማይተነፍስ ሞተር

የፓይክስ ፒክ ታሪክ በቱርቦ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2018 ሮማን ዱማ የተባለ ፈረንሳዊ ያንኑ ተራራ በ7 ደቂቃ ከ57.148 ሴኮንድ ወጣው። መንገዱ በእርግጥ ከጊዜ በኋላ ሙሉ በሙሉ አስፋልት ለብሷል። ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀው ግን መኪናው በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሆኑ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር የሚያቃጥለው ነገር ስለሌለ አየር አይስብም። በጂቡቲ ያለው ጉልበት በደጀንም፣ በጮቄ ራስ ላይም አይቀንስም።

ይህ ለአገራችን የሩቅ ወሬ አይደለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በመንገዶቻችን ላይ እየተበራከቱ መጥተዋል። እነዚህ መኪኖች በቁልቁለትም ሌላ ጥቅም አላቸው። ሞተራቸው ሲወርዱ ወደ ጄኔሬተርነት ይለወጥና ጉልበቱን ወደ ባትሪው ይመልሳል። 1,600 ኪሎ ግራም የሚመዝን አውቶሞቢል ከደጀን ወደ ድልድዩ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው፤ ግማሹ ብቻ እንኳ ቢመለስ አንድ ምጣድ 50 ደቂቃ ያሠራል። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ከዓባይ ውኃ ውድቀት ብርሃን እንደሚያወጣ ሁሉ፣ መኪናውም ከራሱ ውድቀት ጉልበት ያወጣል። ሆኖም ባትሪው ሙሉ ከሆነ የሚመለሰውን ጉልበት የሚቀበልበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ደጀን ላይ ባትሪ እስከ አፉ ሞልቶ ቁልቁለት መጀመር የተፈጥሮውን ፍሬን እንደ መተው ይቆጠራል።

ማጠቃለያ

በ1916 በጣውላና በጡብ ላይ የተሽቀዳደሙት ሰዎች ስለ ጎጃም ደጋ አስበው አያውቁም። ይሁን እንጂ ሞተር ብዙ አየር እንዲስብ፣ ከፍታ የወሰደበትን እንዲመልስ፣ የገሰገሰውም በጊዜ እንዲቆም ያደረጉት ጥረት ዛሬ በዓባይ ዳገት ላይ በሚያቃስተው በእያንዳንዱ መኪና ውስጥ አለ። እነርሱ ትምህርቱን የገዙት በውድ ዋጋ ነው። እኛ ደግመን መክፈል አይገባንም።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ በሚቀጥለው ጉዟችሁ ደጀን ላይ ስትደርሱ ሾፌሩ ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት ማርሹን ሲያከብድ ብትሰሙና መኪናው እያጓራ ቀስ ብሎ ቢወርድ አትቸኩሉ፣ አታጣድፉትም። ያ ጩኸት ሞተሩ የእናንተን ክብደትና የ1,350 ሜትሩን ቁልቁለት በትከሻው ተሸክሞ ፍሬኑን ሲያሳርፍ የሚያሰማው ድምፅ ነው።